ላፕቶፑ ታደሰ፣ ዋይፋዩ ጠፋ

በአምቦ ከተማ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ያስገባ ቤተ ሰብ ይህ ጭንቀት አይጠፋውም። ልጁ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊልክ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ላፕቶፑ ዊንዶውሱን ሲያድስ ያድራል፤ በማለዳ ሲከፈት ዋይፋዩ የለም። አባት ‹‹ተበላሸ›› ይላሉ፤ እናት የአዲሱን ዋጋ ያሰላሉ፤ ልጁም ወደ አዲስ አበባ ሊሳፈር ይነሣል።

እባካችሁ፣ አትቸኩሉ። ዕቃው ብዙ ጊዜ ደኅና ነው። በዋይፋዩና በዊንዶውሱ መካከል እንደ አስተርጓሚ የሚያገለግል ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም አለ፤ እድሳቱ አንዳንድ ጊዜ ይህን ይለውጠዋል፤ አዲሱም አስተርጓሚ ከአሮጌው ዕቃ ጋር አይግባባም።

አስቀድሞ የአውሮፕላን ምልክት ያለበት ቁልፍ አለመነካቱን ማየት ይገባል (ይህን ሳያዩ ለጥገና የከፈሉ ስንቶች ናቸው!)። ቀጥሎም ‹‹ዲቫይስ ማኔጀር›› በሚባለው ገጽ የዋይፋዩን ስም ከፍቶ ‹‹ሮል ባክ ድራይቨር›› የሚለውን መጫን የቀድሞውን ይመልሳል። ጽሕፈቱ ደብዝዞ አልጫን ካለ፣ ስልኩን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ በስልኩ ላይ ‹‹ዩኤስቢ ቴዘሪንግ›› የተባለውን መክፈት ነው። ኢንተርኔቱ በገመዱ ይገባል፤ ትክክለኛው ድራይቨርም ከላፕቶፑ ሠሪ ድርጅት ገጽ ይወርዳል። በጉደርም ሆነ በጊንጪ የስልክ ኢንተርኔት ካለ ይህ ይሠራል።

ዋይፋዩ በቤት ሠርቶ በግቢ እምቢ ሲል ግን ነገሩ ሌላ ነው። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የወጣ የዊንዶውስ 11 እድሳት በልዩ ልዩ አገሮች የትምህርትና የመሥሪያ ቤቶችን ዋይፋይ እንዲህ አድርጎ ነበር፤ የቤቱን እምብዛም አልነካም። ማይክሮሶፍትም በጥቂት ጊዜ ውስጥ ስሕተቱን አረመ። እንዲህ ሲያጋጥም ድራይቨሩን ከመነካካት ይልቅ የግቢውን የኮምፒዩተር ባለሙያዎች መጠየቅ፣ ጽሑፉንም ለዚያ ቀን በስልኩ ኢንተርኔት መላክ ይሻላል።