የባለዕዳ መብትና የአበዳሪዎች ድርሻ

ዕዳ ያለበት ሰው አንገቱን የሚደፋ ስለ ሆነ፥ የሚገባውን ነገር እንኳ ለመጠየቅ አፉ አይደፍርም። የራሱን ዕዳ ሳይጨርስ በሌላው ዘንድ ያለውን ገንዘብ ቢጠይቅ ሰው ሁሉ የሚዘብትበት ይመስለዋል። ነገር ግን ዕዳና መብት በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊኖሩ የሚችሉ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ስላለ ሁለተኛው አይሰረዝም። ይህን ለማስረዳት በታላቋ ብሪታንያ ባንኮች በደንበኞቻቸው ላይ ስለሚጥሉት መቀጫ የተደረገውን ክርክር መመልከት ይጠቅማል። ይልቁንም በዕዳ አከፋፈል ስምምነት ውስጥ የገባ ሰው ያላግባብ የተወሰደበትን ገንዘብ ያስመለሰ እንደ ሆነ፥ ገንዘቡ የማን እንደሚሆን በዚያ የተሰጠው ፍርድ ሕግ ለሚያወጡም ሕግ ለሚያስፈጽሙም ትምህርት አለበት። በዚያ አገር ተቀምጠው ለሚሠሩት ወገኖቻችንም ጉዳዩ የራሳቸው ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። በዚያ አገር የብዙው ሠራተኛ ደመወዝ በባንክ በኩል ይገባል፤ የቤት ኪራይና የመብራት ዋጋም በተወሰነው ቀን ከሒሳቡ እየተቀነሰ ይከፈላል። ደመወዙ ሁለት ቀን የዘገየ እንደ ሆነ በሒሳቡ ውስጥ የሚበቃ ገንዘብ አይገኝም። በዚህ ጊዜ ባንኩ ክፍያውን ሳይፈጽም ይመልሰዋል፤ ወይም ከራሱ ገንዘብ ይከፍልና ባለሒሳቡን ያለ ፈቃድ ካለው በላይ እንዳወጣ ይቈጥረዋል። በሁለቱም መንገድ መቀጫ ይቈረጥ ነበር፤ የአንድ ጊዜውም መቀጫ ከ30 ፓውንድ የሚያልፍበት ጊዜ ነበረ። ለምሳሌ ያህል በአንድ ሳምንት ሦስት ክፍያዎች ቢመለሱና ለእያንዳንዱ 30 ፓውንድ ቢቈረጥ፥ መቀጫው 90 ፓውንድ ይሆናል። ይህ 90 ፓውንድ ከሚመጣው ደመወዝ ላይ ስለሚነሣ፥ የሚመጣው ወር ከመጀመሪያው ቀን ጐደሎ ሆኖ ይገባል፤ ጐደሎውም ሌላ መቀጫ ይወልዳል። እንዲህ እያለ መቀጫው ራሱ ዕዳ ይሆናል።

ይህ ሸክም በሁሉ ላይ በእኩልነት የወደቀ አልነበረም። የብሪታንያ የገንዘብ ሥራ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት መርምሮ እንዳስታወቀው፥ በ2016 ባንኮች ያለ ፈቃድ ካለው በላይ በማውጣት ምክንያት ከሰበሰቡት ክፍያ ከእኩሌታው የሚበልጠው የመጣው ከመቶ ደንበኞች አንድ ተኩል ከሚሆኑት ብቻ ነው። ብዙ ገንዘብ ያለው ሰው ሒሳቡን ያለ ክፍያ ሲያስጠብቅ፥ ወጭውን በከፊል የሚሸፍንለት ገንዘብ ያጠረው ጎረቤቱ ነበረ ማለት ነው።

ስለዚህ ነገር ሕግ ዝም አላለም። በሸማችና በነጋዴ መካከል የሚደረግ ውል ፍትሕ የጐደለው ቃል እንዳይኖርበት የሚከለክል ደንብ በ1999 ወጥቶ ነበር። በ2006 የንግድ አግባብነት ጽሕፈት ቤት፥ በክሬዲት ካርድ ላይ የሚጣለው መቀጫ ከ12 ፓውንድ የበለጠ እንደ ሆነ ያላግባብ ነው ብሎ እንደሚገምት አስታወቀ። ከዚህ በኋላ ሕዝቡ በባንክ ሒሳብ ላይ የተቈረጠበትንም መቀጫ ለማስመለስ በብዛት ተነሣ። በ2007 ይኸው ጽሕፈት ቤት ሰባት ባንኮችንና አንድ የቤት ሥራ ቊጠባ ማኅበርን በፍርድ ቤት ከሰሰ። በከፍተኛው ፍርድ ቤትና በይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ረታ፤ ነገር ግን ኅዳር 25 ቀን 2009፥ ይኸውም በፈረንጆቹ ኖቬምበር፥ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አምስት ዳኞች ለባንኮቹ ፈረዱ። የፍርዱም ምክንያት፥ መቀጫው ባንኩ ለሚሰጠው አገልግሎት ሁሉ ከሚቀበለው ዋጋ አንዱ ክፍል ስለ ሆነ፥ በዚያ ደንብ መሠረት ዋጋው በዛ ወይም አነሰ ተብሎ ሊመረመር አይችልም የሚል ነው። ዳኞቹ መቀጫው ፍትሐዊ ነው ብለው አልፈረዱም፤ በቀረበላቸው መንገድ ሊመረመር አይችልም አሉ እንጂ። ይህን ልዩነት አለማስተዋል ብዙ ሰዎችን አሳስቷል።

ከዚያ በኋላ የጐደለውን የሞላው ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት ነው። ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ ባንኮች ለዚህ ነገር በቀን ወይም በወር የተቈረጠ ክፍያ እንዳይወስዱ፥ በዓመት ታስቦ በግልጥ የሚነገር አንድ ወለድ ብቻ እንዲያስከፍሉ፥ ያለ ፈቃድ ያወጣውንም በፈቃድ ካወጣው አብልጠው እንዳያስከፍሉ አዘዘ። ስለ ቀድሞው መቀጫ ግን እያንዳንዱ ሰው በራሱ ጉዳይ የሚያቀርበው ቅሬታ ቀረ፤ ይኸውም መቀጫው በስሕተት ተቈርጧል፥ ወይም ባንኩ ችግሬን እያወቀ መቀጫ በመቀጫ ላይ ጭኖብኛል የሚል ነው። ባለሒሳቡ አስቀድሞ ለባንኩ ይጽፋል፤ ባንኩ በስምንት ሳምንት ውስጥ መልስ ባይሰጠው፥ ወይም የሰጠው መልስ ደስ ባያሰኘው፥ ለገንዘብ ነክ እንባ ጠባቂው ያለ ምንም ክፍያ ሊያመለክት ይችላል። ከባንኩ የመጨረሻ መልስ በኋላ ያለው ጊዜ ስድስት ወር ስለ ሆነ፥ ቀኑን ማሳለፍ አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ይህ ጠያቂ በዕዳ አከፋፈል ስምምነት ውስጥ ያለ እንደ ሆነ፥ የሚመለስለት ገንዘብ የማን ነው? መልሱ እንደ ስምምነቱ ዓይነት ይለያያል። ሕግ ያላሰረው ተራ ስምምነት እንደ ሆነ፥ ገንዘቡ የባለዕዳው ነው፤ ሆኖም ገንዘቡን የሚመልሰው ባንክ ራሱ አበዳሪ ከሆነ፥ በእጁ ሳይሰጠው ከዕዳው ላይ ሊያቻችለው ይችላል። በ1986 በወጣው የክስረት ሕግ መሠረት በእንግሊዝና በዌልስ የሚደረገው የግል ስምምነት ግን ከዚህ የጠበቀ ነው። ይህ ስምምነት ድምፅ ከሰጡት አበዳሪዎች በገንዘብ ልክ ከመቶ 75 የሚሆኑት ሲቀበሉት ይጸናል፤ ያልተቀበሉትንም ያስራል፤ ብዙውን ጊዜም አምስት ወይም ስድስት ዓመት ይቈያል። ፈቃድ ያለው ተቈጣጣሪ ገንዘቡን እየሰበሰበ ለአበዳሪዎች ያከፋፍላል። በስምምነቱም ውስጥ ባለዕዳው ሳይታሰብ ያገኘውን ገንዘብ ሁሉ እንዲያስታውቅ የሚያዝዝ ቃል አብዛኛውን ጊዜ ይገኝበታል። ስለዚህ ባንኩ 600 ፓውንድ ቢመልስለት፥ ባለዕዳው ዝም ብሎ ቢበላው ውሉን ማፍረሱ ነው፤ ውሉም ከፈረሰ ተቈጣጣሪው የኪሳራ ፍርድ ሊያስፈርድበት ይችላል። ለ600 ፓውንድ ሲል የብዙ ዓመት ድካሙን ያጣል።

ስምምነቱ ካለቀ በኋላ የመጣው ገንዘብስ? ይህ ጥያቄ በግልጥ የተነሣው፥ ባንኮች ከብድር ጋራ አላግባብ ስለ ሸጡት የብድር ክፍያ ኢንሹራንስ ካሣ እንዲከፍሉ በተገደዱ ጊዜ ነው። ካሣው ከ38 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ስለ ሆነ፥ ዕዳቸውን ቀድሞ በስምምነት የጨረሱ ብዙ ሰዎች ያላሰቡት ገንዘብ መጣላቸው። በ2017 የእንግሊዝና የዌልስ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በግሪንና በራይት ጉዳይ፥ ባለዕዳው ስምምነቱን ለመጨረሱ የምስክር ወረቀት ቢቀበልም፥ በስምምነቱ ጊዜ የነበረው ካሣ የመጠየቅ መብት በአደራ የተያዘው ለአበዳሪዎች ስለ ሆነ፥ አደራው አልፈረሰም፤ ገንዘቡ ለአበዳሪዎች ነው ብሎ ፈረደ። በስኮትላንድ ደግሞ ባለዕዳ ሀብቱን ለባላደራ የሚያስረክብበት የአደራ ውል አለ። በ2018 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዱኒንና በሞንድ ጉዳይ፥ ውሉ በመጨረሻው ክፍፍል አደራው ያልቃል ስለሚልና ባላደራውም የመጨረሻውን ክፍፍል ስላደረገ፥ ኋላ የተገኘው ካሣ ለባለዕዳው ይገባል ብሎ ፈረደ።

አንባቢ ሆይ፥ በአንዲት ደሴት ላይ ሁለት ባለዕዳዎች አንድ ዓይነት ገንዘብ አገኙ፤ አንደኛው ለአበዳሪዎቹ አስረከበ፥ ሁለተኛው ለራሱ ያዘ። ይህን የለየው የሰዎቹ ጠባይ ወይም የዳኞቹ አድልዎ አይደለም፤ የውሉ ቃል ነው። አንዱ ውል አደራው የሚያልቅበትን ቀን በግልጥ ሲናገር፥ ሌላው የሚያልቅበትን ነገር አልተናገረም። እንግዲህ ውል የሚጽፍ ጸሐፊና ደንብ የሚያወጣ ሹም መጀመሪያውን ብቻ ሳይሆን መጨረሻውንም መጻፍ እንዲገባው ከዚህ ይማራል። መጨረሻው ያልተጻፈ አደራ ባለዕዳውን ዕዳውን ከጨረሰ በኋላም በጥርጣሬ ያኖረዋል፤ አበዳሪውንም ድርሻውን እንዳያውቅ ያደርገዋል።

ለባለዕዳው ደግሞ የሚሰጠው ምክር አጭር ነው። ያላግባብ የተወሰደበትን ከመጠየቅ አይፈር፤ ገንዘቡ በመጨረሻ ለአበዳሪዎቹ ቢሆን እንኳ ዕዳውን ሊያቀልል ይችላልና። ከመጠየቁ በፊት ግን የስምምነቱን ቃል ያንብብ፥ ለተቈጣጣሪውም በጽሑፍ ያስታውቅ። ካስመለሰው ላይ ከፍ ያለ ድርሻ የሚወስዱ አማላጆች በብዛት ስላሉ፥ ለእንባ ጠባቂው በራሱ ስም ያለ ክፍያ ማመልከት እንዲችል አይርሳ። ባንኩም በበኩሉ የዕዳን ክፍያ በጊዜው የሚጠብቅ ሁሉ፥ አላግባብ የወሰደውን በጊዜው መመለስ እንደሚገባው ይወቅ። ሚዛን አንድ ነው፤ ለባለገንዘቡ ሲመዝን እውነተኛ፥ ለባለዕዳው ሲመዝን ሐሰተኛ ሊሆን አይገባውም።