ነጩ ነገር መግል አይደለም

ቶንሲሉ የወጣለት ልጅ በአምስተኛው ቀን አፉን ሲከፍት፣ ከምላሱ በስተኋላ ግራና ቀኝ ሁለት ነጫጭ፣ ቢጫ የነካካቸው ነገሮች ተለጥፈው ይታያሉ። ያስጠላሉ፤ ይሸታሉም። ቤቱ ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ከሆነ እናት ጎረቤት ትጠራለች፣ ጎረቤት የስልኳን መብራት ታበራለች፣ ከመካከላቸው አንዷ «መግል ቋጥሯል!» ትላለች። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ሰላም የለውም። ጊምቢም ሆነ ደምቢ ዶሎ ያው ነው። በነርስነት ሥራዬ ካየሁት ሁሉ ስሙ በከንቱ የጠፋ ነገር ቢኖር ይህ ነጭ ነገር ነው፤ ስለዚህ ዛሬ የምመሰክረው ለእሱ ነው።

መቼም ቶንሲል ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ በጉሮሮ ግራና ቀኝ ተቀምጠው በአፍና በአፍንጫ የሚገባውን ተሕዋስ የሚቀበሉ የመከላከያ ሥጋዎች ናቸው፤ ቢወጡም ሥራቸውን የሚሸፍኑ ሌሎች አሉ። መሀል ላይ የተንጠለጠለችው እንጥል ናት፤ እሷ በዚህ ጉዳይ የለችበትም። እንጥል ማስቆረጥን ደግሞ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ከወተት ጥርስ ማስነቀል ጋር በስም ጠርቶ ከልክሎታል። ወደ ሌላው ልለፍ።

ጉሮሮው ያመመው ልጅ ሁሉ ቶንሲሉ ይውጣለት ማለት አይደለም። የተለመደው መለኪያ በአንድ ዓመት 7 ጊዜ፣ ወይም ሁለት ዓመት በተከታታይ በየዓመቱ 5 ጊዜ፣ ወይም ሦስት ዓመት በየዓመቱ 3 ጊዜ በሐኪም የተመዘገበ ሕመም ነው፤ አለዚያም ቶንሲሉ ተልቆ፣ ልጁ ተኝቶ ሲያንኮራፋ ትንፋሹ ቆም ቆም የሚል ከሆነ። መለኪያ ባልነበረበት ዘመን ሐኪሞቹ ራሳቸው ጉድ ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1934 የወጣ አንድ ጥናት ኒው ዮርክ ውስጥ 1,000 የ11 ዓመት ተማሪዎችን አየ፤ 611ዱ ቀድሞውኑ ወጥቶላቸዋል። የቀሩት 389 ለሐኪሞች ሲቀርቡ 174ቱ «ይውጣላቸው» ተባሉ። ደህና ናችሁ የተባሉት 215 ለሌሎች ሐኪሞች ሲቀርቡ 99ኙ «ይውጣላቸው» ተባሉ። የተረፉት እንደገና ለሦስተኛ ቡድን ቀርበው፣ በመጨረሻ «ይውጣለት» የተባለው ሁሉ ተቀንሶ የቀሩት 65 ልጆች ብቻ ነበሩ። እኛ ዘንድ ያለው ጥፋት የተገላቢጦሽ ነው። በባክቴሪያ የመጣውን የጉሮሮ ሕመም ሳናሳክም እናልፈዋለን፣ ወይም ልጁ ሲሻለው መድኃኒቱን እናቋርጣለን፤ ከዓመታት በኋላ የልብ በር የሚያበላሸው የሩማቲክ ትኩሳት የሚነሣው ከዚያ ነው።

አሁን ወደ ነጩ። ቶንሲል ሲወጣ ቦታው ብዙውን ጊዜ አይሰፋም፤ ክፍት ቁስል ሆኖ ይተዋል። ጉልበቱ የተላጠ ልጅ ቁስሉ ላይ ቡናማ ቅርፊት ያወጣል፤ ጉሮሮ ግን ቀን ከሌት በምራቅ ስለሚርስ ቅርፊቱ አይደርቅም፣ አይጠቁርም፤ እንደራሰ ነጭ ሆኖ ይቀራል። የተሠራው ፋይብሪን ከሚባለው፣ ደም ከሚያረጋው ክር መሰል ፕሮቲን ነው። በመጀመሪያው 24 ሰዓት ስስ ሆኖ ይጀምራል፣ ከዚያ እስከ አምስተኛው ቀን ግድም እየወፈረ ይሄዳል። በሥሩ አዲስ ሥጋና ጥቃቅን የደም ሥሮች ይበቅላሉ፤ ከዳር ደግሞ አዲሱ የአፍ ቆዳ ወደ መሀል ይሳባል። በሰባተኛው ቀን አካባቢ ነጩ ከሥሩ መላቀቅ ይጀምራል። በሁለተኛው ሳምንት ማብቂያ ላይ ቦታው በአብዛኛው በሮዝ ቆዳ ተሸፍኖ ይገኛል። እስከዚያ ድረስ ቁስሉን ከምግብና ከተሕዋስ የሚከልልለት፣ የደም ሥሩን አፍ የዘጋለት ያ ያስጠላን ነገር ነው። ፋሻ ማሰር በማይቻልበት ቦታ ሰውነት ራሱ የሠራው ፋሻ ነው ማለት ነው፤ እኛ ደግሞ መግል አልነው።

በእናቶችና በአያቶች አልፈርድም። ቶንሲል ገና ሳይወጣ ሲታመም ላዩ ላይ ነጠብጣብ ነጭ ያወጣል፤ እሱ በእርግጥ የሕመም ምልክት ነው። ስንት ዘመን «ነጩ በሽታው ነው» ተብሎ ሲታመን ኖሯል። ቶንሲል የሚቧጥጡ አዋቂዎች ጥፍራቸውን የሚልኩትም ያንኑ ነጭ ፍለጋ ነው። በጣት መሥራት የኛ ብቻ አይደለም፤ የዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት ግድም የሮማው ጸሐፊ ኬልሰስም ቶንሲልን በጣት ዙሪያውን ለቅቆ ስለማውጣት ጽፏል። ችግሩ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያው ዓይን ያንኑ ቀለም ሲያይ ያንኑ ፍርድ መስጠቱ ነው። ቶንሲሉ ሄዷል፣ ነጩ ግን አለ፤ ስለዚህ «አልወጣለትም» ወይም «አመረቀዘ» ይባላል።

አንድ ጊዜ እዚያው ቡርቃ ጃቶ ልጠይቅ የገባሁበት ቤት፣ የልጁ አያት፣ አኮ፣ ሎሚና ጨው በጥብጠው፣ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ጣታቸው ላይ ጠምጥመው ልጁን ጭናቸው ላይ አስተኝተውት ደረስኩ።

«አኮ፣ ምን ሊያደርጉት ነው?»

«ላጸዳለት ነዋ ልጄ! ሽታው አይሸትሽም እንዴ?»

«ይሸተኛል። እሱን ካነሡት ግን ደም ነው የሚከተለው።»

«ታዲያ መግሉና ደሙ ካልወጣ ልጁ መቼ ሊድን?»

ቁጭ ብዬ የነገርኳቸውን አሁን ለእናንተ እየነገርኳችሁ ነው። የሚሸተው ባክቴሪያ ነው፤ በእያንዳንዳችን አፍ ውስጥ የሚኖረው ባክቴሪያ እዚያ እርጥብ ቅርፊት ላይ ሲሰፍር ይሸታል እንጂ ቁስሉ ስለተበላሸ አይደለም። መድኃኒቱ ውሃ መጠጣትና ጥርስን ቀስ ብሎ መቦረሽ ነው። ለሽታው ተብሎ ከፋርማሲ የሚገዛ አንቲባዮቲክ ሕመሙን አያሳጥርም። አኮ አዳምጠውኝ ሲያበቁ ጨርቁን ከጣታቸው ፈቱ፣ ልጁን ለእናቱ መለሱ፤ የተረፈችውን ግማሽ ሎሚ ለሻይ አደረጓት።

እውነተኛ መግል ብቻውን አይመጣም። ትኩሳቱ ከ38.5 ዲግሪ በላይ ሆኖ በፓራሲታሞል አልወርድ ይላል፣ አንገት ያብጣል፣ ልጁ አፉን መክፈት ያቅተዋል፣ ምራቁን መዋጥ ትቶ ያዝረበርባል። እንዲህ ከሆነ ሐኪም ቤት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሞቅ ሞቅ ማለት ግን የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚጠጣው ስላነሰ ነው።

ነጩን የምወደውን ያህል የምፈራበትም ቀን አለ። ከአምስተኛው እስከ አሥረኛው ቀን፣ ሲላቀቅ፣ በሥሩ ያለው አዲስ የደም ሥር ሊከፈት ይችላል። ከመቶ ልጆች ከሁለት እስከ አምስቱ በዚህ ጊዜ ይደማሉ። ደማቅ ቀይ ደም ከአፍ ከመጣ፣ ጥቂትም ቢሆን፣ ለነገ የሚባል ነገር የለም። ደሙ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ውስጥ የሚሄድበትም ጊዜ አለ፤ የተኛ ልጅ ደጋግሞ ከዋጠ፣ ወይም ጠቆር ያለ ነገር ካስመለሰው፣ መብራት አብርታችሁ እዩት፤ ያን ጊዜ የስልኩ መብራት በቦታው ዋለ።

የወለጋ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ሂሳብ እዚህ ላይ አለ። ልጁ አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምናውን ያደርጋል፤ ሁለት ሦስት ቀን ዘመድ ቤት ይቆያል፤ ደህና ይመስላል፤ አልጋና ታክሲ ወጪ ነው ተብሎ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን መንገድ ይጀመራል። ከአዲስ አበባ ነቀምቴ ወደ 330 ኪሎ ሜትር ነው። አምቦን አልፎ፣ ጌዶና ባኮ መካከል ያለው ቤተሰብ ልጁን ይዞ የሚጓዘው በትክክል ነጩ በሚላቀቅበት ሰዓት ነው። ከነቀምቴም አልፎ መንዲ ወይም ደምቢ ዶሎ የሚገባው የባሰ ይርቃል። የሚቻለው ሁሉ ተደርጎ ሁለት ሳምንቱን ቀዶ ሕክምና ካለበት ከተማ አለመራቅ ይሻላል። ቀጠሮው ሲያዝ ዘመዱን «ሦስት ቀን» ሳይሆን «አሥራ አምስት ቀን» ብሎ ማስፈቀድ ነው፤ ዘመድ ከፊት ቢሰማው ኋላ አይከፋውም።

ሌላው ነገር ብርድ ነው። ጉሮሮው የቆሰለ ልጅ ቀዝቃዛ ከጠጣ «ብርድ ይመታዋል» ይባልና ትኩስ አጥሚት፣ ትኩስ ወተት፣ የፈላ ሻይ ይቀርብለታል። ልጁ ይሸሻል፤ ይሸሽ! ቁስል ላይ ትኩስ ማፍሰስ ማንን ደስ ይለዋል? ቀዝቃዛ ውሃ ሕመሙን ያደነዝዛል እንጂ አይጎዳም። አይስክሬም ግዴታ አይደለም፤ የረጋ እርጎ ከፍሪጅ ወጥቶ ይበቃል። ወተት ንፍጥ ያበዛል የሚባለውንም እርሱት። አንጮቴ የሚባለው ሥራ ሥር ግን ለዚህ ሁለት ሳምንት የተፈጠረ ይመስለኛል፤ ከነልጣጩ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ተደቁሶ፣ በቅቤ ተለውሶ ለብ ሲል ጉሮሮ ሳይቧጭር ይወርዳል። የተሰበረ አጥንት ይጠግናል ተብሎ ለሕመምተኛ የሚሰጥ ነገር ለቆሰለ ጉሮሮም ቢታሰብ ምን ይላል? የሚያቃጥለው ቆጭቆጫ ብቻ ይቅር። ጠያቂዎች ደግሞ እባካችሁ ብርቱካን አታምጡ! ቁስሉን ያቃጥለዋል፤ ሙዝ አምጡ። ጉንፋን የያዘው ጠያቂ ደጅ ሆኖ ይማርህ ቢል ጸሎቱ አይቀንስም። የቡናው ጭስና ዕጣኑም ለጊዜው ወደ በረንዳ ይውጣ።

መዋጥ ራሱ ሕክምና ነው። ያመኛል ብሎ መዋጥ ያቆመ ልጅ ጉሮሮው ይደርቃል፣ ሲደርቅ የበለጠ ያመዋል፣ ሲያመው የባሰ አይጠጣም። ስለዚህ ማስታገሻው እስኪያለቅስ አይጠበቅም፤ ሰዓቱን ጠብቆ፣ ሌሊትም ቀስቅሶ፣ ጠዋት ደግሞ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ። የመጀመሪያው ቀን ቀለል ማለቱ አያታላችሁ፤ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ይበረታል፣ ነጩ ሲላቀቅም እንደገና ያገረሻል። ፓራሲታሞል በልጁ ኪሎ ነው የሚሰላው፤ ለአንድ ኪሎ እስከ 15 ሚሊ ግራም በአንድ ጊዜ፣ በቀን እስከ አራት ጊዜ። በመሳቢያ ውስጥ ባገኛችሁት የሾርባ ማንኪያ አትለኩ፤ ከሽሮፑ ጋር የሚመጣው መለኪያ ለጌጥ አይደለም። አስፕሪን ደም ስለሚያቀጥን ክልክል ነው።

ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ኮዴይን ያለበት ሽሮፕ ይዞ ቢመጣ አመስግናችሁ አስቀምጡት። ሰውነት ኮዴይንን ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል፤ አንዳንዱ ሰው በዘሩ ይህን በጣም ፈጥኖ ያደርጋል፣ ልጁም ተኝቶ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። እንዲህ ዓይነት ሞት ደርሶ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ቶንሲል ለወጣላቸው ልጆች ኮዴይን እንዳይሰጥ ከለከለ። እኛን የሚነካው ይኸውላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ያን ፈጣን የሚያደርገውን የተደራረበ ጂን ይዘው አገኛቸው። በስዊድናውያን ዘንድ አንድ ወይም ሁለት በመቶ ቢሆን ነው።

ጆሮውን ይዞ የሚያለቅስም አለ። ጆሮው አልታመመም፤ የጉሮሮውና የጆሮው ስሜት በአንድ ነርቭ ስለሚሄድ ነው። ሞቅ ያለ ዘይት ጠብ የምታደርጉ እጃችሁን ሰብስቡ፤ ለጉሮሮው የተሰጠው ማስታገሻ ለጆሮውም ያገለግላል።

ሽንቱን ተከታተሉ፤ ስምንት ሰዓት ሙሉ ካልሸና ውሃው አንሶታልና ሐኪም ይየው። ድምፁ ለጥቂት ሳምንታት በአፍንጫው የሚያወራ ያስመስለዋል፤ የጠጣው ውሃ በአፍንጫው ቢወጣም ለጥቂት ቀን ነው፣ አትደንግጡ። ትምህርት ቤት ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ይቀራል፤ ወረቀቱን ገና ከሐኪም ቤት ሳትወጡ አጽፉ፣ ኋላ ለአንዲት ማኅተም መመላለስ አለ። ኳስ ከሁለት ሳምንት በፊት የለም። በአሥራ አራተኛው ቀን ጉሮሮውን ስታዩ ከሮዙ መሀል አንድ ሁለት ነጭ ነጥብ ቀርቶ ብታገኙም ተዉት፤ ራሱ ይሄዳል።