ቆርቆሮው በስንት ኪሎ ቡና? የቤትና የመጋዘን ጥገና ዋጋ ለምን አልወርድ አለ

ዛሬ ከቡናና ከሰሊጥ ዋጋ ትንሽ ወጣ ብለን ቤታችን ድረስ ስለሚመጣ ዋጋ እናውራ። ስለ ጥገና ነው። የሚያፈስ ጣሪያ፣ የሚንጠባጠብ ቧንቧ፣ የተሰነጠቀ የመጋዘን ወለል፣ የበሰበሰ በር። ብዙ ሰው የሚያነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ግሽበት ቀነሰ ይባላል፤ ታዲያ አናጢው ለምን ካምናው አስበልጦ ይጠይቀኛል?»

መጀመሪያ ሒሳቡን እናጥራ።

📌 ግሽበት ቀነሰ ማለት ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም

ዓመታዊ ግሽበቱ በሰኔ 2014 34 በመቶ ነበር። በሰኔ 2015 29.3፣ በሰኔ 2016 19.7፣ በሰኔ 2017 ደግሞ 13.9 በመቶ ሆኗል። ቁጥሩ በየዓመቱ ወርዷል፣ እውነት ነው። ግን አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ ነው የሚሄደው። በሰኔ 2013 በ100 ብር ይገዛ የነበረው የዕቃ ቅርጫት በሰኔ 2017 ወደ 236 ብር ገደማ ደርሷል ማለት ነው። መኪናው ፍጥነቱን ቀነሰ እንጂ ወደ ኋላ አልተመለሰም። አናጢውም እንጀራ የሚገዛው በ236ቱ ዋጋ ነው፤ ስለዚህ በ100ው ዘመን የቀን ሒሳብ ሥሩልኝ ብንለው ሊሠራ አይችልም።

📌 የጥገና ዋጋ በውስጡ ምን አለ?

ጥገና ስንል ሦስት ዋጋ አንድ ላይ ነው የምንከፍለው፦ ዕቃው፣ ማጓጓዣው እና የእጅ ዋጋው። ሦስቱም የሚንቀሳቀሱት በተለያየ ምክንያት ነው።

👉 ዕቃው። ቆርቆሮ አገር ውስጥ ይመረታል እንላለን፤ ፋብሪካዎቻችን ግን በብዛት የሚሠሩት ከውጭ የገባ ጥቅል ላሜራ ቅርጽ እያስያዙ ነው። የፌሮ ጥሬ ዕቃም እንዲሁ ከውጭ ይመጣል። የቧንቧ ፕላስቲክ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ መዳብ፣ የቀለም ኬሚካል፣ ሁሉም ዶላር ይፈልጋሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ።

ታዲያ ቆርቆሮ በዚያው ልክ ለምን እጥፍ አልሆነም? ምክንያቱም ብዙ አስመጪ ከዚያ በፊትም ዋጋውን የሚያወጣው በባንኩ ሳይሆን በትይዩ ገበያው ምንዛሪ ነበር። እጥፉን ቀድመን ከፍለነዋል ማለት ነው። ይህን የምናነሳው ለላኪዎች ትምህርት ስላለው ነው፦ የባንኩ ምንዛሪ ላኪውን ሲጠቅም ያየነው በአንድ ጊዜ ነው፤ የገዢው ኪስ ግን ጉዳቱን ከዓመታት በፊት ጀምሮ እያወራረደ ነበር።

👉 ማጓጓዣው። መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ሲያነሳ የቤንዚን ችርቻሮ በ2017 ከ100 ብር አለፈ። አሸዋ በቢያጆ፣ ድንጋይ በቢያጆ ነው የሚገዛው። የአሸዋ ዋጋ ከግማሽ በላይ መንገድ ነው የሚሉ ነጋዴዎች አሉ፤ ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ነዳጁ ከአሸዋው ይበልጣል።

👉 የእጅ ዋጋው። በአገራችን ለግሉ ዘርፍ የተደነገገ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም፤ ስለዚህ የአናጢ፣ የግንበኛና የቧንቧ ሠራተኛ ቀን ሒሳብ የሚወሰነው በድርድር ነው። ድርድሩን ደግሞ የሚመራው የጤፍና የቤት ኪራይ ዋጋ ነው።

አሁን በምሳሌ እንየው። የመጋዘን ጣሪያ ለማደስ 100 ሺህ ብር ይፈጃል እንበል፤ 60 ሺው ዕቃ፣ 15 ሺው ማጓጓዣ፣ 25 ሺው የእጅ። ዕቃው 30 በመቶ፣ ማጓጓዣው 20፣ የእጁ 15 በመቶ ቢጨምር፦ 78 ሺህ፣ 18 ሺህ እና 28,750 ይሆናል። ድምሩ 124,750 ነው። ከ24,750ው ጭማሪ ውስጥ የሠራተኛው ድርሻ 3,750 ብር ብቻ ነው። ክርክሩን የምንከራከረው ግን ሁልጊዜ ፊታችን ከቆመው አናጢ ጋር ነው።

📌 ሲሚንቶ ለምን የተለየ መንገድ ሄደ?

በ2014 እና 2015 ሲሚንቶ በወረፋና በደላላ የሚገኝ ዕቃ ነበር። የለሚ ብሔራዊ ሲሚንቶ ፋብሪካ በመስከረም 2017 ሲመረቅ አቅርቦቱ ሰፋ። የሲሚንቶ ዋናው ጥሬ ዕቃ፣ የኖራ ድንጋዩ፣ ከእኛው ተራራ ነው የሚወጣው። ስለዚህ አቅርቦት ሲጨምር ዋጋው ይሰማል። ቆርቆሮ ግን አምስት ፋብሪካ ቢጨመርም ላሜራው በዶላር እስከገባ ድረስ ወለሉን የሚይዘው ምንዛሪው ነው። የጥገና በጀት ስታወጡ ሁለቱን አትቀላቅሉ፦ የግንብ ሥራና የጣሪያ ሥራ ዋጋቸው አንድ ላይ አይሄድም።

📌 ትክክለኛው መለኪያ፦ በምርታችሁ

ለገበሬና ለዩኒየን በብር መለካት ያሳስታል። መለኪያው «አንድ ቆርቆሮ በስንት ኪሎ ምርት?» ነው። በየካቲት 2017 የአረቢካ ዋጋ በኒውዮርክ ገበያ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር፤ አገራችንም በ2017 በጀት ዓመት ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። ለቡና አምራቹ ቆርቆሮ በብር ቢወደድም በኪሎ ቡና ሲለካ የረከሰባቸው ወራት ነበሩ። ዋጋው የቆመበት ሰብል ያለው ገበሬ ግን ለዚያው ጣሪያ ተጨማሪ ኩንታል መጫን አለበት። አንድ ወረዳ ውስጥ አንዱ ቤት አዲስ ጣሪያ ሲያበራ ሌላው ላስቲክ የሚያለብሰው በስንፍና አይደለም።

📌 ያልታደሰ ጣሪያ ዋጋው ስንት ነው?

ዋናው ነገር ይሄ ነው። ቤት ውስጥ ጥገና ሲዘገይ ባልዲ ይደቀናል። መጋዘን ውስጥ ሲዘገይ ግን ምርት ይበላል። ለኤክስፖርት የተዘጋጀ ቡና እርጥበቱ ከ12 በመቶ በታች መቆየት አለበት። አንድ የሚያፈስ ቀዳዳ ከሥሩ ያለውን ድርድር ጆንያ ሻጋታ ያስይዛል፣ ደረጃ ያስወርዳል። 25 ሺህ ብር ጭማሪ ፈርቶ ክረምቱን ያሳለፈ ሰው ጥቂት ኩንታል ቡና ከተበላሸበት ያዳነውን ብዙ እጥፍ አድርጎ ከፍሏል። ጥገናን እንደ ወጪ ሳይሆን እንደ ምርት መድን ቁጠሩት።

📌 ምን እናድርግ?

▪️ ዕቃውን በበጋ ግዙ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሁሉም ጣሪያውን ያስታውሳል፤ ቆርቆሮውም አናጢውም ይወደዳሉ። የምርት ገንዘብ እጃችሁ ላይ ባለበት ከጥር እስከ መጋቢት መግዛት ይሻላል።

▪️ ጌጁን እዩ። የጌጅ ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ቆርቆሮው ይሳሳል። ዋጋው ሳይጨምር ውፍረቱ የሚቀንስበት ጊዜ አለ፤ ይህም ሌላው የተደበቀ ግሽበት ነው። ሁለት ሻጭ ስታወዳድሩ አንድ ዓይነት ጌጅ መሆኑን አረጋግጡ።

▪️ ዕቃና የእጅ ዋጋ ለይታችሁ ተዋዋሉ። «ሁሉንም በአንድ ላይ» ስትሉ ሠራተኛው የዕቃ ዋጋ እንዳይጨምርበት ፈርቶ ከፍ አድርጎ ይጠራል። ዕቃውን ራሳችሁ አቅርቡ፣ ቀብዱን በሥራው ልክ ክፈሉ።

▪️ ዩኒየኖች፣ የመሠረታዊ ማኅበራቱን ፍላጎት ሰብስባችሁ በአንድ ላይ ከፋብሪካ ግዙ። የችርቻሮውንና የደላላውን ድርሻ ታተርፋላችሁ፣ ማጓጓዣውም ይከፋፈላል።

▪️ በየዓመቱ ከመጋዘን ገቢ ላይ ለጥገና የሚቀመጥ ሒሳብ ይኑራችሁ፤ ሲቀመጥም በየዓመቱ ግሽበቱን እያሰላችሁ ከፍ አድርጉት። የ2013ቱ 100 ሺህ ብር ዛሬ ጣሪያውን አይሸፍንም።

ዋጋው ወደ ድሮው ይመለሳል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም። ዝናቡ ግን ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። መልካም ገበያ!