ግዙፉን የሚጥለው መዥገር

በሜይንና በኒው ሃምፕሻየር ጫካዎች የሚኖረው ሙስ (ከሙዝ ጋር ዝምድና የለውም) ከፈረስ የሚረዝም፣ ብርድ የማይበግረው የዱር እንስሳ ነው። ጥጆቹን የሚፈጀው ግን መዥገር ነው።

አገር ቤት ከብት ያረባ ሁሉ መዥገርን ያውቃል። ይህ «የክረምት መዥገር» የሚባለው ግን አመሉ የከፋ ነው። ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር እጮቹ እግር ለእግር ተቆላልፈው ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥለው ይጠብቃሉ። ሙሱ ሲያልፍ ብዙዎቹ ባንዴ ይሰፍሩበታል፤ ክረምቱን ሙሉ አይወርዱም። በማርችና በኤፕሪል፣ እንስሳው ከስቶ መኖ ባጣበት ሰዓት፣ ሴቶቹ መዥገሮች ደሙን መጥጠው ያብጣሉ። ሙሱም ሲያሳክከው ገላውን ከዛፍ ጋር እየፈተገ ጸጉሩን ይጨርሳል። ነጥቶ ስለሚታይ ሰዎች «የሙት መንፈስ» ይሉታል።

ከ2014 እስከ 2016 በሁለቱ ስቴቶች በተደረገ ጥናት አንድ ጥጃ በአማካይ 47 ሺህ ያህል መዥገር ተሸክሞ ተገኝቷል። አንገታቸው ላይ ሬዲዮ ከታሰረላቸው ጥጆች 70 በመቶ ያህሉ ሞቱ።

ጥፋቱ ከአየሩ መሞቅ ጋር የተያያዘ ነው። በረዶው ሲዘገይ እጮቹ የሚያደቡበት ጊዜ ይረዝማል፤ በጸደይ ቀድሞ ሲቀልጥ ደግሞ የወደቁት እናቶች ሳይሞቱ እንቁላል ይጥላሉ።

ሙሱ በበዛበት መዥገሩም ይበዛል። ስለዚህ ሜይን በ2021 አንድ የአደን ቀጠና ለሁለት ከፍላ በአንደኛው ክፍል ተጨማሪ የአደን ፈቃድ ሰጠች። ሙስን ለማዳን ሙስን መግደል ለጆሮ ይከብዳል፤ ሐሳቡ ግን የሳሳውን መንጋ ካልተነካው ጋር ማወዳደር ነው።