«እበላ ነበር» በስፓኒሽ ሁለት ነው

ልደታ ውስጥ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የቆመው የትግላችን ሐውልት የኢትዮጵያና የኩባ ወዳጅነት መታሰቢያ ነው። ያ ወዳጅነት ቋንቋም አስተምሮናል። በ1970 ዓ.ም. ካበቃው የሶማሊያ ጦርነት በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች፣ ብዙዎቹ ወላጆቻቸውን ያጡ፣ ኩባ ውስጥ የወጣቶች ደሴት በሚባለው ስፍራ ተምረው ስፓኒሽ ተናጋሪ ሆነዋል። ዛሬ ቋንቋውን ለሚጀምር አማርኛ ተናጋሪ ግን አንድ የሚያሳስት ቦታ አለ።

«ገንዘብ ቢኖረኝ መጽሐፉን እገዛ ነበር» ስንል መጽሐፉ አልተገዛም። «ተማሪ ሳለሁ መጽሐፍ እገዛ ነበር» ስንል ግን ተገዝቷል። አማርኛ ለሁለቱም አንድ ቅርጽ ይበቃዋል፤ ስፓኒሽ ይለያቸዋል፦ የመጀመሪያው ኮምፕራሪያ፣ ሁለተኛው ኮምፕራባ።

የኮምፕራሪያ አሠራር ቀላል ነው። ግሱን መዝገበ ቃላት ላይ እንዳለ ሳይቆርጡ ይዞ መድረሻ መጨመር ነው። መጨረሻው አር፣ ኤር ወይም ኢር ቢሆን መድረሻው አይለወጥም፦ አብላር (መናገር) አብላሪያ፣ ኮሜር (መብላት) ኮሜሪያ፣ ቢቢር (መኖር) ቢቢሪያ። እኔ አብላሪያ፣ አንተም አንቺም አብላሪያስ፣ እሱና እሷ አብላሪያ፣ እኛ አብላሪያሞስ፣ እነሱ አብላሪያን። ስፔኖች ለ«እናንተ» አብላሪያይስ ይላሉ፤ ኩባ ውስጥ ግን እናንተም እነሱም አብላሪያን ናቸው። የድምፁ ጫና ሁልጊዜ «ሪ» ላይ ያርፋል።

«እኔ» እና «እሱ» አንድ ስለሆኑ፣ ሰውየው ከንግግሩ ካልታወቀ ዮ (እኔ) ወይም ኤል (እሱ) ማለት ያስፈልጋል። ኩባውያን የቃል መጨረሻ ላይ ያለውን «ስ» ስለሚያለሳልሱት «አንተ»ም ከሁለቱ ጋር ሊመሳሰል ይችላል።

ጆሮ የሚፈተነው በኤር እና በኢር ግሶች ነው። ኮሚያ «(ድሮ) እበላ ነበር» ነው፤ ኮሜሪያ «(ቢኖር) እበላ ነበር»። ቢቢያ እና ቢቢሪያም እንዲሁ። ልዩነቱን የያዘው ሳይቆረጥ የቀረው የግሱ ጫፍ ስለሆነ «ር»ን በደንብ ማሰማት ይገባል።

«ቢ» ባለበት ሐረግ ውስጥ ግን የ«ሪያ» ቅርጽ አይገባም። ሲ ቱቢዬራ ዲኔሮ፣ ኮምፕራሪያ ኤል ሊብሮ፤ ገንዘብ ቢኖረኝ መጽሐፉን እገዛ ነበር። አማርኛም «ቢኖረኝ» እና «እገዛ ነበር» ብሎ ስለሚለያቸው እዚህ ላይ የእኛ ቋንቋ ይረዳናል።

በአክብሮት ሲጠየቅም ያገለግላል፦ ሜ አዩዳሪያ? «ቢረዱኝ?» እንደማለት። እኛ «እርስዎ»ን በብዙ ቁጥር እናከብራለን፤ የስፓኒሹ ኡስቴድ ግን እንደ «እሱ» በነጠላ ይሄዳል። ስለዚህ ለአንድ ሰው አዩዳሪያን ማለት ስህተት ነው።

ጥቂት ግሶች ግንዳቸውን ይለውጣሉ፤ ቴኔር (ባለቤት መሆን፣ መያዝ) ቴኔሪያ ሳይሆን ቴንድሪያ ይሆናል። መድረሻዎቹ ግን እነዚያው ናቸው።