ስልኩ እስከ የት ያደርሳል? በዋሽንግተንና አካባቢው የዕለት ኑሮን የሚያግዙ መተግበሪያዎች

ከልጆቻቸው ጋር ለመኖር ከኢትዮጵያ የመጡ አንዲት እናት ሜሪላንድ ውስጥ ከምትገኘው ሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥተው፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ከተማ የሚኖሩ ዘመዶቻቸውን ለመጠየቅ አሰቡ እንበል። መንገዱ ከአንድ ክፍለ ግዛት ይነሣል፣ ዋሽንግተን ዲሲን ያቋርጣል፣ በሌላ ክፍለ ግዛት ያበቃል። በመካከሉ ባቡር መቀየር፣ ሒሳብ መክፈል፣ ምናልባትም አውቶቡስ መሳፈር አለ። አገር ቤት ቢሆን ሰው እየጠየቁ ይደርሱበት ነበር። እዚህ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው ስልክ ሆኗል።

ዋሽንግተንና አካባቢው ከአገራቸው ውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው ሥፍራዎች አንዱ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ በጆርጂያና በፌንተን ጎዳናዎች ዙሪያ ባሉ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችና ሱቆች ትታወቃለች። በአሌክሳንድሪያ ምዕራባዊ ክፍል ደግሞ፣ ሰዘርን ታወርስ በተባሉት ረጃጅም የመኖሪያ ሕንፃዎችና በአካባቢያቸው፣ በርካታ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይኖራሉ። እነዚህ ነዋሪዎች ለመጓዝ፣ ደብዳቤ ለመረዳት፣ ወደ አገር ቤት ገንዘብ ለመላክና ዘመድ ለማግኘት የሚገለገሉባቸው መተግበሪያዎች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹም በነፃ ይገኛሉ። ይሁን እንጂ አንድ መተግበሪያ ሲሳሳት የሚከተለው ጉዳት እንደ ጉዳዩ ይለያያል። አውቶቡስ ያመለጠው ሰው ቀጣዩን ይጠብቃል፤ የመድኃኒት መመሪያ ወይም የገንዘብ መላኪያ ላይ የሚፈጠር ስሕተት ግን በቀላሉ አይታረምም።

መንገድና ሒሳብ

ሲልቨር ስፕሪንግ በሜትሮ ባቡር ቀይ መስመር ላይ ትገኛለች። ወደ አሌክሳንድሪያው ኪንግ ስትሪት ጣቢያ የሚሄድ ተሳፋሪ፣ ዲሲ ውስጥ ጋለሪ ፕሌስ ላይ ወርዶ ቢጫውን መስመር ይይዛል። ጉግል ማፕስና አፕል ማፕስን የመሳሰሉ የካርታ መተግበሪያዎች ይህን መንገድ ደረጃ በደረጃ ያሳያሉ። የትኛው ጣቢያ ላይ መውረድ እንደሚገባና በእግር የቀረውን ርቀትም ይናገራሉ። ከቤት ከመውጣት በፊት መንገዱን አይቶ ማስቀመጥ፣ ከመሬት በታች ኔትወርክ ቢጠፋ እንኳ ግራ ከመጋባት ያድናል።

ለሜትሮ መክፈያ የሚያገለግለው ስማርትሪፕ የተባለው ካርድ ከእ.አ.አ. መስከረም 2020 ጀምሮ በአይፎን፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በአንድሮይድ ስልኮች ላይ መጫን ተችሏል። ከግንቦት 2025 ወዲህ ተሳፋሪዎች የባንክ ካርዳቸውን በባቡር ጣቢያው መግቢያ ላይ በማስነካት ብቻ ማለፍ ይችላሉ። ለአዛውንቶች ግን አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ለአዛውንቶች በተዘጋጀው የስማርትሪፕ ካርድ በግማሽ ዋጋ ይጓዛሉ። የባንክ ካርድ የተጓዡን ዕድሜ ስለማያውቅ ሙሉውን ዋጋ ይቆርጣል።

የአካባቢው አውቶቡሶች ጉዳይ ደግሞ ከዚህም የቀለለ ነው። አሌክሳንድሪያ ዳሽ በተባሉት አውቶቡሶቿ ላይ ክፍያ ያስቀረችው በመስከረም 2021 ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትገኝበት የሞንትጎመሪ ካውንቲም ራይድ ኦን የተሰኙትን አውቶቡሶች ከሰኔ 2025 መጨረሻ ጀምሮ በነፃ አድርጓል። በመሆኑም ለእነዚህ አውቶቡሶች መተግበሪያ የሚያስፈልገው መምጫቸውን ለማወቅ ብቻ ነው።

ከአዲስ አበባ ተነሥተው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ለሚደርሱ ተጓዦችም የሚጠቅም መተግበሪያ አለ። ሞባይል ፓስፖርት ኮንትሮል የተባለው የአሜሪካ የጉምሩክና የድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤት መተግበሪያ፣ የአሜሪካ ዜጎችና የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች የፓስፖርት መረጃቸውን ሞልተው ለብቻው ወደተለየ ሰልፍ እንዲሄዱ ያስችላል። በነፃ የሚሰጥ ስለሆነ፣ ለተመሳሳይ አገልግሎት ክፍያ የሚጠይቅ ሌላ መተግበሪያ ቢያጋጥም መጠራጠር ይገባል።

አማርኛ በስልክ ላይ

ዛሬ በስልክ በአማርኛ መጻጻፍ የተለመደ ቢሆንም፣ የግዕዝ ፊደላት ለኮምፒውተሮች የጋራ መለያ ቁጥር የተሰጣቸው ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት 3ኛ እትም፣ በ1999 ነው። ከዚያ በፊት አንዱ ዘንድ የተጻፈ የአማርኛ ጽሑፍ ሌላው ዘንድ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ሊሆን ይችል ነበር። ጉግል ትራንስሌት አማርኛን የጨመረው በየካቲት 2016 ሲሆን፣ አፋን ኦሮሞንና ትግርኛን በግንቦት 2022 አክሏል። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ የጉግል የድምፅ መጻፊያ አማርኛን ይቀበላል። በትንሹ የስልክ ሰሌዳ ላይ ፊደል መልቀም ለሚያስቸግራቸው ሰዎች፣ ተናግሮ ማስጻፍ ትልቅ እፎይታ ነው።

የትርጉም መተግበሪያው ካሜራ በተለይ ለደብዳቤ ይጠቅማል። ከትምህርት ቤት፣ ከቤት አከራይ ወይም ከመብራት ድርጅት የመጣን ወረቀት ፎቶ በማንሣት የመልእክቱን ጭብጥ መረዳት ይቻላል። ይህ ደብዳቤው አስቸኳይ መሆን አለመሆኑን፣ ልጅ ከሥራ እስኪመለስ መጠበቅ መቻል አለመቻሉን ለመለየት ይበቃል።

ጭብጥ መረዳትና በትክክል መተርጎም ግን የተለያዩ ናቸው። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» የሚለውን አንድ መተግበሪያ ቃል በቃል ቢመልሰው፣ የሐኪም ቀጠሮ ለእንግሊዝኛ አንባቢ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሊሆንበት ይችላል። «መስከረም 1» የሚለውም እንደ አውሮፓውያኑ የመስከረም ወር የመጀመሪያ ቀን ሊወሰድ ይችላል፤ የእኛ መስከረም 1 ግን በእነርሱ መስከረም 11፣ አንዳንዴም 12 ላይ ይውላል። እንግሊዝኛ «አንተ»ን፣ «አንቺ»ን እና «እርስዎ»ን የሚጠራው በአንድ ቃል በመሆኑ፣ የተተረጎመው ጽሑፍ እናትን እንደ ወንድ ልጅ ሊያናግር ይችላል። የመጨረሻው ቢያስቅ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን ቀጠሮ ያሳልፋሉ፣ ማመልከቻ ያስመልሳሉ።

ለዚህ ነው ሕጉ ለሕመምተኞች ከስልክ የተሻለ አማራጭ ያስቀመጠው። በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች፣ እንግሊዝኛ በሚገባ ለማይናገር ታካሚ ብቃት ያለው አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። በ2024 የወጣው የፌዴራል ደንብ እንደሚለው፣ ወሳኝ የሆነ የሕክምና ጽሑፍ በማሽን ከተተረጎመ ብቃት ያለው ተርጓሚ ሊያየው ይገባል። ከድንገተኛ ሁኔታ በስተቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግም አይፈቀድም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በብዙ ስደተኛ ቤተሰቦች ዘንድ ያለውን ልማድ ይነካል። የእናቱን ሕመም ለሐኪም የሚያስረዳ የአሥር ዓመት ልጅ፣ ሊሰማው የማይገባውን ይሰማል፤ እናትም በልጇ ፊት ልትናገር የማትፈልገውን ትደብቃለች። በቀጠሮ ጊዜ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ይበቃል።

ተመሳሳይ መብት በአካባቢ መስተዳድሮችም ዘንድ አለ። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛ ከዋነኞቹ የአገልግሎት ቋንቋዎች አንዱ ነው። የሞንትጎመሪ ካውንቲና የአሌክሳንድሪያ ከተማም 311 በተባለው የስልክ መስመርና በኢንተርኔት የነዋሪዎችን ጥያቄ ያስተናግዳሉ።

ወደ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ

በስልክ ከሚከናወኑ ጉዳዮች ሁሉ በርካታ ቤተሰቦችን የሚያሳስበው ሐዋላ ነው። እንደ ዌስተርን ዩኒየን፣ መኒግራምና ሬሚትሊ ያሉ ኩባንያዎች ከስልክ ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ ገንዘብ መላክ የሚያስችሉ መተግበሪያዎች አሏቸው። በኢትዮጵያም በኩል ከግንቦት 2021 ጀምሮ የኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር፣ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ደግሞ የሳፋሪኮም ኤም ፔሳ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ይሰጣሉ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 29 ቀን 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ ባንኮችና ላኪ ድርጅቶች የሚያቀርቡት ዋጋ ከቀን ቀን ይለያያል።

በመሆኑም «ያለ ክፍያ እንልካለን» የሚለውን ማስታወቂያ ብቻ አይቶ መወሰን አያዋጣም። ለምሳሌ አንዱ ድርጅት ለአንድ ዶላር ከሌላው 3 ብር ቢያሳንስ፣ 200 ዶላር በሚላክበት ጊዜ ተቀባዩ 600 ብር ያጣል። ትክክለኛው ንጽጽር አንድ ዓይነት የዶላር መጠን አስገብቶ፣ ክፍያው ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ ተቀባዩ እጅ የሚገባው ብር ስንት እንደሆነ ማየት ነው። የአሜሪካ የሸማቾች ጥበቃ ደንብ ላኪ ድርጅቶች ምንዛሪውን፣ ክፍያውንና ተቀባዩ የሚያገኘውን መጠን ከክፍያ በፊት እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። ገንዘቡ ገና ካልተወሰደ ወይም ሒሳብ ውስጥ ካልገባ፣ ላኪው በ30 ደቂቃ ውስጥ መሰረዝና ሙሉ ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል። የሒሳብ ቁጥር ወይም የተቀባይ ስም የተሳሳተበት ሰው ይህችን ግማሽ ሰዓት ማወቁ ይጠቅመዋል።

ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው አዲስ ግብርም የአከፋፈሉን መንገድ የሚመለከት ነው። ሐምሌ 4 ቀን 2025 በተፈረመው ሕግ መሠረት፣ ከአሜሪካ ወደ ውጭ ገንዘብ የሚልክ ሰው በጥሬ ገንዘብ፣ በመኒ ኦርደር ወይም በባንክ በተዘጋጀ ቼክ ከከፈለ 1 በመቶ ይታከልበታል። በ200 ዶላር ላይ 2 ዶላር ማለት ነው። ከአሜሪካ ባንክ ሒሳብ ወይም አሜሪካ ውስጥ በተሰጠ የዴቢትና የክሬዲት ካርድ የሚላከውን ግብሩ አይነካውም። ሱቅ ሄዶ በጥሬ ገንዘብ መላክን የለመደ ሰው፣ የባንክ ሒሳቡን ከታወቀ መተግበሪያ ጋር ቢያገናኝ ከዚህ ወጪ ይድናል።

እዚሁ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ለእቁብም ሆነ ለለቅሶ መዋጮ ገንዘብ መላላኪያ የሆነው ዜል በባንኮች መተግበሪያ ውስጥ ይገኛል። ፈጣንነቱ ጥቅሙም ጉዳቱም ነው፤ ላኪው ራሱ ፈቅዶ የላከውን ገንዘብ ማስመለስ ብዙ ጊዜ አይቻልም። ከመላክ በፊት የሚታየውን የተቀባይ ስም ማንበብ፣ ለአዲስ ሰው መጀመሪያ ጥቂት ዶላር ልኮ መድረሱን ማረጋገጥ ጥሩ ልማድ ነው።

ዘመድን ማግኘት፣ አታላይን መለየት

ቴሌግራም፣ ዋትስአፕና ኢሞ ድንበር ሳይገድባቸው ቤተሰብን ያገናኛሉ። ሰዓቱን ማስላት ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ዋሽንግተን በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓቷን ስትቀይር አዲስ አበባ አትቀይርም። በበጋው ልዩነቱ 7 ሰዓት፣ በክረምቱ 8 ሰዓት ነው። ዋሽንግተን ላይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን፣ አዲስ አበባ በበጋው 9 ሰዓት፣ በክረምቱ 10 ሰዓት ይሆናል። በስልኩ የዓለም ሰዓት ላይ አዲስ አበባን መጨመር ይህን ስሌት ያስቀራል።

በአንድ መተግበሪያ ብቻ መተማመንም አይበጅም። በየካቲት 2023 ኢትዮጵያ ውስጥ ቴሌግራምን፣ ፌስቡክን፣ ቲክቶክንና ዩቲዩብን መጠቀም በተገደበበት ጊዜ፣ እገዳው እስኪነሣ አምስት ወር ገደማ ፈጅቷል። የዘመድን መደበኛ ስልክ ቁጥር በወረቀት ላይ መጻፍ የቆየ ልማድ ቢመስልም፣ በእንዲህ ያለው ጊዜ ያገለግላል።

አታላዮችም የሚመጡት በእነዚሁ በሮች ነው። የተለመደው ስልት የአንድን ሰው አካውንት ሰርቆ፣ በእርሱ ስምና ፎቶ ወዳጆቹን «ቸግሮኛል፣ ገንዘብ ላክልኝ» ማለት ነው። አካውንቱ የሚሰረቀው ባለቤቱ በስልኩ የገባውን የማረጋገጫ ቁጥር ለሌላ ሰው ሲነግር ነው። ይህ ቁጥር ለማንም አይነገርም፤ ባንክ ነኝ ላለም፣ ወንድምህ ነኝ ላለም። በቴሌግራምና በዋትስአፕ ማስተካከያ ውስጥ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ማብራት ሌባው ቁጥሩን ቢያገኝ እንኳ ሌላ የይለፍ ቃል እንዲጠየቅ ያደርጋል። ገንዘብ የጠየቀውን ዘመድ ከመላክ በፊት ደውሎ ድምፁን መስማትም ተገቢ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ደግሞ ክፍያ በስጦታ ካርድ የሚጠይቅ ሁሉ አታላይ መሆኑን ያሳስባል።

ወደ አሌክሳንድሪያ ሊሄዱ የተነሡት እናት ጉዳይም በዚሁ መንገድ ሊታይ ይችላል። ልጃቸው ከጉዞው በፊት በነበረው ምሽት አብሯቸው ተቀምጦ መንገዱን ካርታው ላይ ቢያሳያቸው፣ የአዛውንቶች ካርዳቸውን ቢያዘጋጅ፣ የድምፅ መጻፊያውን ቢያስለምዳቸውና የቤተሰቡን ስልክ ቁጥሮች በወረቀት ቢጽፍላቸው፣ በማግሥቱ ብቻቸውን ሄደው ብቻቸውን ይመለሳሉ። ሐኪም ቤት የሚሄዱ ዕለት ግን ስልኩን በቦርሳቸው አስገብተው አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ መብታቸው ነው።