የማይፈነዳ ካባ፦ ልስልስ ነገሮች በጌም ውስጥ እንዴት ይንቀሳቀሳሉ?

የጌም ገጸ ባሕርይ ሲሮጥ ከኋላው የሚውለበለበው ካባ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የተሳለ ሳይሆን እዚያው የሚሰላ ነው። ምስሉ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ከሆነ ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ምስል ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ከዚያ ላይ ብርሃኑም፣ ጥላውም፣ ድምፁም ድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ ለካባው የሚተርፈው ፍርፋሪ ነው። ድንጋይ ቢሆን ኖሮ የት እንዳለና ወዴት እንደዞረ ማወቅ በበቃ ነበር። የጨርቅ ወይም የጡንቻ ነጥቦች ግን እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ይሄዳሉ። ስለዚህ እዚህ ሥራ ላይ ከትክክለኛነት በፊት የስሌቱ መረጋጋት ይቀድማል ብል ፊዚክስን መናቅ አይሆንብኝም።

ዴሜትሪ ቴርዞፖሎስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ልስልስ ነገሮችን በመለጠጥ ሕግ ማንቀሳቀስ እንደሚቻል አሳዩ። ኃይሉ ይሰላል፣ ከኃይሉ ፍጥነት፣ ከፍጥነቱ ቦታ ይገኛል። ችግሩ ጨርቁ ጠንካራ ሲሆን ነው፦ በአንድ እርምጃ ውስጥ ነጥቡ ከቦታው አልፎ ይሄዳል፣ የሚመልሰው ኃይል ይበረታል፣ በሚቀጥለው እርምጃ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ይብስበታል፤ ካባው በዓይን ፊት ይፈነዳል። ማቲያስ ሙለርና ባልደረቦቹ በ2006 ያቀረቡት ዘዴ ኃይሉን ዘሎ ቦታውን በቀጥታ ያርማል። በ10 ሴንቲሜትር ርቀት መቀመጥ ያለባቸው ሁለት እኩል ክብደት ያላቸው ነጥቦች 12 ላይ ቢገኙ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሴንቲሜትር ይሳባሉ፤ አንደኛው ትከሻ ላይ የተሰፋ ከሆነ ሌላው ብቻውን ሁለቱን ይከፍላል። ፍጥነቱ የሚታወቀው ኋላ ላይ፣ ነጥቡ ከነበረበትና ከደረሰበት ቦታ ልዩነት ነው። ተመሳሳይ ብልሃት ቀደም ሲል በ2000 በወጣው «ሂትማን» ጌም ውስጥ ሠርቷል።

«ይህ ማስመሰል እንጂ ፊዚክስ አይደለም» የሚሉ አሉ፤ ትችታቸውም ባዶ አይደለም። እርማቱ በተደጋገመ ቁጥር ጨርቁ ይጠነክራል፤ የድግግሞሹ ቁጥር ሲለያይ ያው ካባ በአንዱ ማሽን ሐር፣ በሌላው ሸራ ሊመስል ይችላል። ለቀዶ ጥገና መለማመጃ ይህ አያዋጣም፤ ጉበቱ ሲገፋ ለሐኪሙ እጅ የሚመለሰው ኃይል እውነተኛውን መምሰል አለበት። ሆኖም መልሱ ወደ ድሮው መንገድ መመለስ አልነበረም። በ2016 እነ ማይልስ ማክሊን የቁሱን ልስላሴ ራሱን የቻለ መጠን አድርገው እዚያው ስሌት ውስጥ አስገቡት፤ ጥንካሬው ከድግግሞሹ ቁጥር ጋር መዋዠቁን አቆመ። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ አንዱን እርምጃ ደጋግሞ ከማረም ይልቅ ጊዜውን በትናንሽ እርምጃዎች ከፋፍሎ በእያንዳንዱ አንዴ ብቻ ማረም፣ በተመሳሳይ የስሌት ወጪ የተሻለ ውጤት እንደሚሰጥ አሳዩ።